ከአርማታው በፊት የተነሳ

“እንዳታበሪው! ሴትዮ፣ እንዳታበሪው አልኩሽ እኮ!”

ስልክ ጠጋኟ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ካሜራውን ከሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪዋ እጅ መነተፈችው። ተቆጣጣሪዋ ክፉ ነገር አላሰበችም። ካርዱ ባዶ መሆኑን ላሳያት ብላ ነበር ጣቷን ማብሪያው ላይ ያሳረፈችው።

“የጠፋ ፎቶ የትም አይሄድም፤ እዚያው ነው ያለው” አለች ጠጋኟ ካርዱን በጥፍሯ ስባ እያወጣች። “ሌላ ፎቶ መጥቶ ቦታውን እስኪወስድበት ድረስ ተኝቶ ይጠብቃል። ሰው ግን ፎቶ ሲጠፋበት መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ‘እስቲ ካርዱ ይሠራ እንደሆነ’ ይልና ሌላ ያነሳበታል። ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ ያለቅሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሱ ነው።”

“እኛስ አንስተንበታል?” አሉ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ።

“እሷን ይጠይቋት፣ አባቴ።”

“ትንሽ ብቻ” አለች ተቆጣጣሪዋ። “ካርዱን ካጸዳሁ ወዲህ ብዙውን በስልኬ ነው ያነሳሁት።”

“እንግዲያ የተረፈውን እናያለን።”

ጠጋኟ ካርዱን ማንበቢያው ውስጥ ሰክታ ኮምፒውተሩን መነካካት ጀመረች። ክፍሏ ሦስት ሰው ከያዘች አራተኛው የሚቆምበት የላትም። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች ተደርድረዋል፤ የያንዳንዱ ብሎኖች በየቆርቆሮ ክዳናቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። በመስኮቱ በኩል ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፎ ይታያል።

ሽማግሌው ፌራዮ ናቸው። የአርማታ ብረት፣ ፌሮ፣ ይቆርጣሉ፣ ያጥፋሉ፣ በሽቦ ያስራሉ፤ እሳቸው ያሰሩት ላይ ሌሎች አርማታ ይሞሉበታል፣ ከዚያ በኋላ ሥራቸውን ዳግመኛ የሚያይ ሰው የለም። የሕንፃው ሠራተኛ በሙሉ ጋሽ ሽቦ ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ይሁን በጠባያቸው ለመናገር ያስቸግራል፤ ነገረኛ ናቸው። ጓንቱ ጠበበኝ፣ ፌሮው ዝጓል፣ የሠራተኛ አለቃው ካፖ እንደ ልጅ አዘዘኝ ሳይሉ የዋሉበት ቀን የለም። አንድ ጊዜ ያሰሩት ግን አይላላም፤ የሚጠሏቸውም ይህን ያምናሉ።

ፌሮ ፎቶ የሚነሳው አርማታ ከዋጠው በኋላ ስለማይታይ ነው። ተቆጣጣሪዋ ከመሞላቱ በፊት በየማዕዘኑ ታነሳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ካርዱን ቢሮ ወስዳ ኮምፒውተሩ ላይ ትገለብጥና ካርዱን ታጸዳለች። አንድ ቅዳሜ፣ የአንድ በረንዳ ፎቶ ያለበት ካርድ እየተገለበጠ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፎልደሩ ስም ወጥቶለት ተቀምጧል። ስሙን አየች፤ ከፍታ ግን አላየችውም። ቸኩላ ስለነበር ካርዱን አጸዳችና ወጣች። ፎልደሩ ባዶ መሆኑ የታወቀው በረንዳው ከወደቀ በኋላ ነው።

በረንዳው የወደቀው ደግፈው ይዘውት የነበሩት እንጨቶች በተነሱ ማግስት፣ አንድ የቀን ሠራተኛ በጋሪ አሸዋ ሲገፋበት ነበር። ከግድግዳ ወጥቶ ለሚንጠለጠል በረንዳ ፌሮው በአርማታው ውስጥ ከላይ በኩል መሆን አለበት፤ ከታች ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል። ፍርስራሹ ሲመረመር ፌሮው ከታች ተገኘ። ማን አሰረው? ጋሽ ሽቦ። ነገሩ በዚያው ያለቀ ያህል ነው፤ ለወጉ ግን ኮሚቴ ተሰይሟል፣ ነገ ጠዋት ይቀመጣል።

ከበረንዳው ጋር ቁልቁል የወረደው የቀን ሠራተኛ ደግሞ የጋሽ ሽቦ ልጅ ነው። ነፍሱ ተርፋለች። ወገቡ ግን ተሰብሮ አባቱ ቤት በጀርባው ተንጋሏል፤ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል።

“ሥራቸውን ይውሰዱት” አሉ ጋሽ ሽቦ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። “እኔ ዕድሜዬም ጉልበቴም አልቋል። ያቃተኝ ልጁ ነው። ውሃ ስሰጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እናቱ ስትሰጠው ይጠጣል። ‘አባቴ ባሰረው ፌሮ ነው የወደቅኩት’ ሲላት በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት።”

ጠጋኟ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። “ውይ አባቴ።”

“እሷም ብትሆን ምሳዬን ታስቀምጥና ትሄዳለች። ድሮ ስንጣላ እንኳ ትሰድበኝ ነበር። አሁን ስድቡንም ተወችው።” ጉጠታቸውን ከኋላ ኪሳቸው አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት። “እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም። አንዲት ፎቶ። ከላይ አድርጌ እንዳሰርኩት የምታሳይ አንዲት ፎቶ ለልጄ ላሳየው። ከዚያ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።”

“ይገኛል፣ ጋሽዬ” አለች ተቆጣጣሪዋ። “አይጨነቁ።”

ከልቧ ነው ያለችው። እዚህ ያመጣቻቸውም እሷ ናት። የጠፋ ፎቶ የምታወጣ ሴት አለች ሲሏት ሥራዋን ጥላ ሽማግሌውን አስከትላ መጣች። ጋሽ ሽቦን ትወዳቸዋለች። ተመርቃ የመጣች ሰሞን ሠራተኛው ‘ሕፃኗ’ እያለ ሲያላግጥባት ኢንጂነር ብለው የጠሯት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ያልነገረቻቸው ነገር ግን አለ። በረንዳው በተሞላ ቀን የአርማታው መኪና አርፍዶ መጣ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀጉር ቤት ቀጠሮ ነበራት፤ በማግስቱ ወንድሟ ያገባል፣ ሚዜ ናት። ሙሌቱ እንደተጀመረ ሹልክ ብላ ሄደች። ሪፖርቱ ላይ ግን እስኪያልቅ እንደቆመች አድርጋ ፈረመች። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አሁንም ስሌቷን ሠርታ ጨርሳለች፤ ፎቶው ሲገኝ ሽማግሌው ነፃ ይወጣሉ፣ ጥፋቱ አርማታ ሲሞሉ ፌሮውን ረግጠው ባወረዱት የቀን ሠራተኞች ይሳበባል። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው፤ ማን ብሎ ማን ይጠይቀዋል? ማንም የማይጎዳበት መንገድ መስሏት ነበር።

“መጡ” አለች ጠጋኟ።

ማሳያው ላይ ትንንሽ ምስሎች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። የሲሚንቶ ክምር። ባዶ በርሜል። አሸዋው ላይ እግሯን ዘርግታ የተኛች ውሻ። አፉን ከፍቶ የሚያዛጋ ዘበኛ።

“እሱን አትሚልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ‘ዓይኔን አልከደንኩም’ የሚለኝ እሱ ነው” አሉ ጋሽ ሽቦ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ቀጥሎ ምሰሶ መጣ፣ ቀጥሎ ደረጃ። ከዚያ ፌሮ። ሽማግሌው ከበርጩማው ተነስተው አፍንጫቸው ማሳያውን እስኪነካ ተጠጉ። የተንጠለጠለው በረንዳ ነው፤ ፌሮው እንደ ወንፊት ተሰድሮ፣ ከፍ አድርገው በሚይዙት የብረት እግሮች ላይ ተንሰራፍቷል። ከሥሩ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሌላ ፎቶ መጣ፣ ከጎን። ሌላም።

“ይኸው! ይኸው እግሮቹ! ከላይ ነው! ታያለሽ ልጄ፣ ከላይ!” ጋሽ ሽቦ የጠጋኟን ወንበር ይዘው ነቀነቁት። “ረዳቴን ምስክር ብጠራ ‘የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ’ ብሎ የሳቀብኝ ካፖ አሁን ምን ይላል? እ? ምን ይላል?”

ከዚያ ዞረው ተቆጣጣሪዋን ትከሻዋ ላይ ሳሟት። “የወለድሽው ይባረክ። ክፉ አይንካሽ። እኔስ ትዳሬም ልጄም በአንድ ቀን ጠፍቶ ነበር፤ አንቺ መለስሽልኝ።”

“እኔ ምን አደረግኩ፣ ጋሽዬ” አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ደስ ብሏታል፤ ለራሷም ጥሩ ሰው የሆነች መስሏት ነበር።

“አሁኑኑ ወደ ሚስቴ ስልክ ላኪልኝ። ለልጁ ታሳየው።”

“በመሃል ከነካሁት ይበላሻል፤ እስኪጨርስ ይታገሡ” አለች ጠጋኟ። “ትንሽ ነው የቀረው።”

ሽማግሌው መቀመጥ አልቻሉም። ለሚስታቸው ደውለው፣ “ስልክሽን እጅሽ ላይ አድርጊ፤ የሚመጣ ነገር አለ። አይ፣ አሁን አልነግርሽም፣ በዓይንሽ ታዪዋለሽ” ብለው ዘጉት። ድምፃቸው ድንገት ወጣት ሆኗል።

የመጨረሻዋ ፎቶ ስትወጣ ግማሽ ሆና ወጣች።

“ይቺ ተጎድታለች” አለች ጠጋኟ። “ታችኛው ግማሿ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎባታል፤ ለዚያ ነው ግራጫ የሆነው። ላይኛው ግን ደህና ነው።” አሰፋችው።

ላይኛው ግማሽ በርግጥ ደህና ነበር። ከደረጃው ላይ ቁልቁል የተነሳ ነው። በረንዳው ጠርዝ ላይ አንድ ወጣት የአርማታውን ቱቦ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ቱቦው እየተፋ ነው። የወጣቱ የጎማ ጫማ ፌሮው መሃል ላይ ነው፤ ፌሮው ከሥሩ ረግቦ ወለሉን ነክቷል፤ የብረት እግሮቹ ተጣመው ወድቀዋል። ወጣቱ ቀና ብሎ ወደ ካሜራው እየሳቀ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ይህችን ፎቶ ማንሳቷን ረስታው ነበር። አሁን ትዝ አላት። ሰዓቷን እያየች ደረጃው ላይ ቆማ፣ “ቀስ በሉ፣ ፌሮውን አትርገጡት” ብላ ነበር፤ በማሽኑ ጩኸት ማንም አልሰማትም። አንድ አነሳችና ሄደች።

ጋሽ ሽቦ የወጣቱን ፊት ትኩር ብለው አዩ። ጠጋኟ ዞራ አየቻቸው።

“ያውቁታል እንዴ?”

“ልጄ ነው።”

“የወደቀው?”

“ሌላ ልጅ የለኝም። ሥራ ፈቶ ቤት ከሚውል ብዬ ካፖውን ለምኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እኔ ያን ቀን ከታች ምሰሶ ሳስር ነበር፤ እሱ የት እንደቆመ አላየሁም።”

ጠጋኟ ፎቶውንም ሽማግሌውንም አየች። እሷ ስለ ሕንፃ የምታውቀው ነገር የለም፤ ነገር ግን ዓይን አላት። “እንግዲያ ፌሮውን የረገጡት እነሱ ናቸዋ። እርስዎ ነፃ ነዎት ማለት ነው። እሱ ራሱ ነው እኮ…” አለችና አፏን ያዘች።

“ጨርሺው” አሉ ጋሽ ሽቦ። “እሱ ራሱ ነው። ይህንን ይዤ ልሂድና ‘ወገብህን የሰበርከው ራስህ ነህ’ ልበለው? እዚያ ተኝቶ ምን ይሥራበት? አሁን እንኳ እኔን ይጠላል። አባት ቢጠሉት ምን ይሆናል። ራሱን ከጠላ ግን ማን ያነሳዋል?”

“ይቺን አንዷን እንተዋት፣ ጋሽዬ” አለች ተቆጣጣሪዋ ቶሎ ብላ። “ተበላሽታለች። ሌሎቹን ብቻ እናሳይ። ሌሎቹ ለእርስዎ ይበቃሉ።”

ፈጥና መናገሯን ራሷም ሰማችው። ለማን ብላ እንደተናገረች ታውቃለች።

“ሌሎቹ ከላይ ነበር ካሉ፣ ታዲያ ማን አወረደው ይባላል። ልጄ ሞኝ አይደለም። ያን ቀን የት ቆሞ እንደነበር ያስታውሳል።” ማሳያው ላይ የሚስቀውን ፊት በጣታቸው ሊነኩት ፈልገው መለሱት። “ደግሞስ እሱ ምን ያውቃል? ያን ቀን ሥራ ከጀመረ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ቱቦ ያዝ አሉት፣ ያዘ። ጣውላ አንጥፉ፣ ፌሮ ላይ አትቁሙ የሚል የሚያውቅ ሰው ነበር የሚያስፈልገው።”

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከማሳያው ሳያነሱ፣ “ያነሳሽው አንቺ ነሽ” አሉ።

“አዎ።”

“ከዚያስ?”

“ሄድኩ።”

“ወዴት?”

መዋሸት ትችል ነበር። ቢሮ ጠሩኝ፣ እናቴ ታመመች፤ ብዙ ነገር ምላሷ ላይ መጣ። ግን ትከሻዋ ላይ ከንፈራቸው የነካት ቦታ ገና አልቀዘቀዘም።

“ፀጉሬን ልሠራ” አለች።

ጋሽ ሽቦ ያን ጊዜ ዞረው አዩዋት። ፊቷን ሳይሆን ፀጉሯን ነው ያዩት፤ አሁን ወደኋላ ተጠቅልሎ የታሰረውን፣ ምንም የተለየ ነገር የሌለውን ፀጉር። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። በጓንት የሚጣሉት፣ ካፖው ላይ የሚጮኹት ነገረኛ ሰው “እህ” ብቻ አሉ።

የእጅ ስልካቸው ጠራ። ሚስታቸው ናት። እየጠራ ዝም ብለው ያዙት፤ እስኪያበቃ አላነሱትም።

“አልተገኘም በይልኝ” አሉ ጠጋኟን። “ካርዱ ተበላሽቷል፣ ምንም አልወጣም።”

“አባቴ፣ ይኸው ወጥቷል እኮ!”

“እናንተ ካልተናገራችሁ አልወጣም። ሆድ ይፍጀው።” ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞሩ። “እኔ ነገ ገብቼ ከታች አድርጌ አሰርኩት እላለሁ። ዓይኔ ደክሟል፣ ተሳሳትኩ እላለሁ። አንቺ ደግሞ የምትይው ካለሽ ትይዋለሽ። እኔ አላስገድድሽም፤ አፍሽ የራስሽ ነው።”

ጃኬታቸውን አራግፈው ለበሱ። ሊከፍሉ ኪሳቸው ሲገቡ ጠጋኟ፣ “ምንም ካልወጣ ምን ይከፈላል?” ብላ መለሰቻቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑና ወጡ። በሩን እንኳ ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

ሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀሩ። ልጁ ማሳያው ላይ አሁንም እየሳቀ ነው።

“እኔ አላጠፋም” አለች ጠጋኟ፣ ማስቲካዋን በወረቀት ጠቅልላ። “ሥራዬ ማውጣት ነው። ካርዱ ያንቺ ነው፣ ወሬውም ያንቺ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ?”

“ጠይቂ።”

“ይህን ለማለት ፎቶ ለምን ያስፈልጋል? ‘ቆሜ መጠበቅ ነበረብኝ፣ ጥዬ ሄድኩ’ ካልሽ፣ ሽማግሌውም ነፃ ናቸው፣ ልጁም ማንም ጣቱን አይቀስርበትም። ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?”

ጠጋኟ ገብቷታል። ተቆጣጣሪዋም ከገባት ቆይቷል። ሽማግሌው ‘የምትይው ካለሽ’ ሲሉ ያን ጊዜ ነው የገባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገ ጠዋት ገብታ፣ ወንበር ስባ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ የአባትና ልጅን ነገር መቋጨት ትችላለች። ከዚያ የሙያ ፈቃዷን ይነጥቋታል፣ ምናልባትም ትከሰሳለች። እናቷ ለጎረቤት ሁሉ ‘ልጄ ኢንጂነር’ ትላለች። ባሏ ቤት ሊሠሩ ከባንክ የተበደሩትን ያስታውሳታል። ይህን ሁሉ አሰበች፤ ልጁንም አሰበች፣ ውሃ ሲሰጡት ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረውን። ደግሞ መልሳ ስለ ራሷ አሰበች።

ካርዱን ከማንበቢያው ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ስልኳ ጠራ። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ነው።

“ሄሎ፣ ኢንጂነር! ፎቶውን ልታስወጪ ሄደሻል አሉኝ። እንዴት ሆነ?”

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጋሽ ሽቦ የታክሲው ሰልፍ ውስጥ ቆመዋል። ከኋላቸው ያለው ሰውዬ ወደፊት ሊጠጋ ሲል እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት። ጣታቸውን ወደ ጥገና ቤቱ እየቀሰሩ የሆነ ነገር ያስረዱታል። አብራኝ ያለች ሰው አለች እያሉት ነው፤ ተራዋን ይዘውላታል።

“ኢንጂነር? ትሰሚኛለሽ? ተገኘ ወይስ አልተገኘም?”

ጠጋኟ ቀና ብላ እያየቻት ነው።

“አልተገኘም” አለች ተቆጣጣሪዋ።